የአፍ ካንሰርን በብርሃን መፈለግ፦ የሴሉን ሜታቦሊዝም በእርግጥ የሚያየው የትኛው መሣሪያ ነው?

ለጥርስ ክሊኒክ በእጅ የሚያዝ ሰማያዊ መብራት ሊገዛ ያሰበ ሰው አንድ ማስታወቂያ ሳያጋጥመው አይቀርም። «መሣሪያው የሴሎችን ሜታቦሊዝም ለውጥ ቀድሞ ያሳያል» ይላል። ሜታቦሊዝም ሴሉ ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበት ሥራ ነው። የማስታወቂያው አባባል ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ገዢውን ግን በደንብ ያሳስታል። ከእነዚህ መብራቶች ብዙዎቹ በዋናነት የሚያሳዩት ከሴሎቹ ሥር ያለው ኮላጅን (ቲሹውን አጣብቆ የሚይዘው የፕሮቲን ክር) መጎዳቱንና ደም መብዛቱን ነው። ሴሉ ስኳሩን እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያሳዩት ሌሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ገና ከምርምር ቤት ብዙም አልወጡም።

ይህን ልዩነት ያልያዘ ገዢ ውጤቱን ሲያነብም፣ ለታካሚው ሲያስረዳም ይሳሳታል። ስለዚህ ምርጫው ውስጥ ከመግባታችን በፊት አፍ ውስጥ ምን እንደሚያበራ እንይ።

## የሚያበራው ምንድን ነው?

የአፍ ውስጥ ሽፋን ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የተወሰነውን ይውጣል። ከዚያ በሌላ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ፣ መልሶ ይለቀዋል። የተቀባ ቀለም የለም፤ የተወጋ መድኃኒትም የለም። ተፈጥሯዊ ፍሎረሰንስ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሚያበሩት ውስጥ ሁለቱ በቀጥታ ከሜታቦሊዝም ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው ኤንኤዲኤች ነው። ከስኳር የተገኘ ኤሌክትሮን ተሸክሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ወደ ሴሉ የኃይል ማመንጫ፣ የሚያደርስ ሞለኪውል ነው። ጭኖ ሲሄድ መብራቱ የበራ፣ ሲያራግፍ የሚጠፋ የጭነት መኪና አድርጋችሁ አስቡት። 340 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው 460 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ያበራል። ሁለተኛው ኤፍኤዲ ነው፤ እሱ ደግሞ ግልባጩ ነው። ኤሌክትሮን ሲይዝ ይጠፋል፣ ሲያስረክብ ይበራል። በ450 ናኖሜትር ይነቃና 525 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ይሰጣል። የሁለቱ ድርሻ ሲነጻጸር «ሬዶክስ ሬሾ» ይባላል። የሴሉ ሞተር በኦክስጅን እየሠራ ነው ወይስ በሌላ መንገድ የሚለውን የሚጠቁመው ይህ ቁጥር ነው።

ሌሎቹ የሜታቦሊዝም ምስክሮች አይደሉም፤ ድምፃቸው ግን ጎልቶ ይሰማል። ከላይኛው የሴል ሽፋን፣ ከኤፒቴልየሙ፣ ሥር ያለው ኮላጅን በሰማያዊ መብራት ለሚታየው የጤነኛ አፍ አረንጓዴ ብርሃን ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ፖርፊሪን 635 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ያበራል። የምላስ ጀርባና የጥርስ ቆሻሻ ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየው ባክቴሪያዎች በሚሠሩት ፖርፊሪን ምክንያት ነው። ሄሞግሎቢን፣ ደምን ቀይ የሚያደርገው ፕሮቲን፣ ደግሞ አያበራም፤ ይውጣል። በተለይ 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አይምርም።

## ሰው የሚምታታበት ቦታ

ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያላቸውም ስኳርን በግላይኮሊሲስ መንገድ፣ ማለትም ያለ ኦክስጅን በሚሰበርበት መንገድ፣ በብዛት ያቃጥላሉ። መንገዱ ፈጣን ነው፣ ግን አባካኝ ነው። ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚገኘው የተጣራ ትርፍ 2 ኤቲፒ (ሴሉ እንደ ነዳጅ የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ብቻ ነው። ማይቶኮንድሪያ እስከ መጨረሻ ቢሠራበት ወደ 30 ይገኝ ነበር። እንዲህ ባለ ሴል ውስጥ ብዙ ጊዜ ኤንኤዲኤች ከኤፍኤዲ አንጻር ይበዛል።

እንግዲህ ኤንኤዲኤች ከበዛ የታመመው ቦታ ይበልጥ መብራት ነበረበት። ትኩስ የአፍ ቲሹ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ በአልትራቫዮሌት ሲታይም ይህ ተገኝቷል። ዲስፕሌዥያ ባለበት ቦታ፣ ማለትም ሴሎቹ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል መዛባት በጀመሩበት፣ ኤፒቴልየሙ ደመቅ ይላል። ሥሩ ያለው ተያያዥ ቲሹ ደግሞ ይደበዝዛል።

በእጅ መብራት ሲታይ ግን ያው ቦታ ጥቁር ነው።

ተቃርኖው የሚፈታው የመብራቱን ቀለም ስናይ ነው። አብዛኞቹ የእጅ መብራቶች ከ400 እስከ 460 ናኖሜትር ያለ ብርሃን ይለቃሉ። ከ400 በላይ ደግሞ ኤንኤዲኤች ብርሃን አይቀበልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዋርበርግ ታሪክ ዋና ምስክር ለመብራቱ አይታየውም። የሚታየው ጥቁረት ከሌላ ቦታ ይመጣል። በኤፒቴልየሙ ለውጥ ዙሪያ የሚመነጩ ኢንዛይሞች ኮላጅኑን ይበጣጥሱታል። የወፈረው ኤፒቴልየም ብርሃኑን ይጋርዳል። አዳዲስ የደም ሥሮች ደግሞ የቀረውን ይውጡታል። የኤፍኤዲ መቀነስም የራሱ ድርሻ አለው። ከኮላጅኑ ለይቶ ማውጣት ግን በዓይን አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ካንሰር ማለት ግላይኮሊሲስ ነው» ብሎ ማጠቃለልም አያዋጣም። ማይቶኮንድሪያቸውን በደንብ የሚጠቀሙ ዕጢዎች አሉ። በሌላ በኩል ለእብጠት የተጠሩ የነጭ ደም ሴሎችም ሲነቁ ወደ ግላይኮሊሲስ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ሜታቦሊዝምን በትክክል የለካ መሣሪያ እንኳ ካንሰርን ለካ ማለት አይደለም።

## በምን እንመዝን?

ዋናው መስፈርት ከላይ ያየነው ነው፤ መሣሪያው የሚያነበው ሜታቦሊዝምን ነው ወይስ የቲሹ መዋቅርንና ደምን? ቀጥሎ ካንሰር ሳይሆን ውጤቱን የሚያበላሸው ምንድን ነው የሚለው ይመጣል። ሦስተኛው ማን ሊይዘው ይችላል የሚለው ነው። ተራ የጥርስ ሐኪም ወይስ የሌዘር ባለሙያ? ዋጋም አለ፤ የመግዣው ብቻ ሳይሆን የማሠልጠኛውና የጥገናውም።

ብዙ ገዢ የሚዘለው መስፈርት ግን የምትመረምሩት ሕዝብ ነው። በምሳሌ እንየው። 1000 ሰው መረመርን እንበል፤ 10ሩ በእርግጥ ችግር አለባቸው። መሣሪያው ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 80 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል እንበል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ሲሰላ 9 ታማሚ ይገኛል፤ 198 ጤነኛ ሰው ደግሞ ይደነግጣል። ጥርጣሬ ይዘው ወደ ልዩ ሐኪም በተላኩ ሰዎች ላይ ግን ያው መሣሪያ በጣም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ምክንያቱም ከመጀመሪያውም ብዙዎቹ ችግር አለባቸው።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ነጭ ብርሃንና ጣት። ይህን አማራጭ ብሎ የሚቆጥር ሻጭ አይኖርም፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው ግን በእሱ ላይ ነው። የምላስ ጎንና ሥር፣ የአፍ ወለል፣ የጉንጭ ውስጥ፣ የላንቃ ጀርባ፣ ከዚያ የአንገት ንፍፊቶች። ምላስን በሕክምና ጨርቅ (በፋሻ) ይዞ ወደ ጎን ሳይስቡ የኋላ ጎኑ አይታይም። ጠንካራ ጠርዝ፣ ከሥሩ የተጣበቀ እብጠት፣ የማይጠፋ ቀይ ወይም ነጭ ሰሌዳ (ቀለሙ የተለየ ጠፍጣፋ ቦታ)፣ በ2 ሳምንት ያልዳነ ቁስል፤ እነዚህን የሚያገኘው ዓይንና ጣት ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው። ቀለም ያልለወጠ ዲስፕሌዥያ አይታይም። ከታዩት ነጭ ምልክቶች ውስጥም የቱ አደገኛ እንደሆነ ዓይን ብቻውን አይለይም።

በእጅ የሚያዝ ሰማያዊ መብራት። ገበያውን የያዘው ይህ ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 የመጀመሪያዎቹን ፈቅዷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ ታካሚው መከላከያ መነጽር ያደርጋል፣ ሐኪሙ ሰማያዊውን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ ያያል። ጤነኛው ቦታ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። አጠራጣሪው ቡናማ-ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይታያል።

ችግሩ የሚጠቁረው ነገር መብዛቱ ነው። የተነከሰ ጉንጭ ይጠቁራል። ላይከን ፕላነስ፣ የአፍ ሽፋንን የሚያስቆጣ የቆየ ሕመም፣ ይጠቁራል። ከጥርስ ሙሌት የወጣ ብረት ያቀለመው ድድ ይጠቁራል። ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ተፈጥሯዊ ቀለም፣ የበዛበት ድድ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ይጠቁራል። ብዙ ሰው ጠቆር ያለ ድድ ባለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ኬራቲን (ጥፍር የተሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን) የወፈረበት ነጭ ሰሌዳ ሊያበራ ስለሚችል ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። «አበራ፣ ስለዚህ ሰላም ነው» ማለት ከሁሉም የከፋው አነባበብ ነው።

ጎበዝ ተጠቃሚን የሚለየው አንድ እርምጃ አለ። ጥቁሩን ቦታ በአፍ መስታወት ጀርባ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ደሙ ሸሽቶ አረንጓዴው ከተመለሰ ጥቁረቱ ከደም ብዛት፣ ማለትም ከእብጠት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሲጫኑትም እንደጠቆረ ከቀረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህ ፍንጭ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ከዚያ የሚያስቆጣው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የተሰበረ ጥርስ ጠርዝ፣ ይስተካከልና ከ2 ሳምንት በኋላ ደግሞ ይታያል። ገና ሲታይ ክፉ የሚመስለው ግን 2 ሳምንት አይጠበቅለትም።

ማስረጃውስ? የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ባወጣው መመሪያ አጠራጣሪ ምልክትን በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ለመገምገም ይህን መብራት አልመከረም። አጠራጣሪ ከሆነ ባዮፕሲ (በማይክሮስኮፕ የሚመረመር የቲሹ ናሙና) ይወሰድ ወይም ታካሚው ይላክ ነው ያለው። በቀዶ ሕክምና በኩል ተስፋ ነበር። በ2006 የወጣ ሥራ ጥቁረቱ በዓይን ከሚታየው ድንበር አልፎ እስከ 25 ሚሊሜትር ሊዘረጋ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ጥቁረቱን ተከትሎ መቁረጥ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል ተብሎ በካናዳ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። በ2020 የታተመው ውጤት ግን ካንሰሩ በቦታው መመለሱን እንዳልቀነሰ አሳየ። በእኔ እይታ ስለ መብራቱ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ሙከራ አንጻር መሰማት አለበት።

ብዙ ብርሃን ያለው መሣሪያ። ነጭ፣ ሐምራዊ 405 ናኖሜትርና አረንጓዴ-ቢጫ ብርሃን በአንድ እጀታ ይዟል። ሦስተኛው ብርሃን በሄሞግሎቢን ስለሚዋጥ የደም ሥሮችን ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል። ጥቁረቱ ከደም ነው ወይስ ከኮላጅን መጥፋት የሚለውን ለመገመት ይረዳል። ሜታቦሊዝምን በማየት ረገድ ግን ከቀዳሚው ብዙም አይሻልም። 405 ናኖሜትርም ለኤንኤዲኤች ረጅም ነው።

ስፔክትሮስኮፒ። ቀጭን የኦፕቲካል ፋይበር ዘንግ ቲሹውን ነክቶ የሚወጣውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ይዘረዝራል። አልትራቫዮሌት ምንጭ ካለው ኤንኤዲኤችንም ያነቃል። ውጤቱ በቁጥር ስለሚወጣ በሐኪሙ ዓይን ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ነገር ግን የሚለካው በአንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ ነጥብ ነው። የት እንደሚነካ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የአፍ ክፍሎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። የጉንጭ ኤፒቴልየም ወፍራም፣ የአፍ ወለል ደግሞ ስስ ነው። ስሱ ቦታ ላይ ኮላጅኑ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የዚያው ሰው ሌላኛው ጎን ነው፤ የግራ ምላስ ከቀኝ ምላስ ጋር። አልትራቫዮሌቱ ራሱም የመጠን ገደብ አለበት፤ አምራቹ ይህን በጽሑፍ ማሳየት አለበት።

የፍሎረሰንስ ዕድሜ መለኪያ። ለሜታቦሊዝም ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው መልስ ይህ ነው። ስንት ብርሃን ወጣ ብሎ አይጠይቅም። ሞለኪውሉ ከነቃ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ አበራ ብሎ ይጠይቃል። ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፍ ኤንኤዲኤች 0.4 ናኖሰከንድ ያህል ይቆያል። ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀው ከ2 ናኖሰከንድ በላይ ይሄዳል። ሴሉ ወደ ግላይኮሊሲስ ሲያዘነብል የነጻው ድርሻ ስለሚጨምር አማካዩ ያጥራል። በ2007 በሃምስተር ጉንጭ ላይ በተሠራ ሥራ ገና በቅድመ-ካንሰር ደረጃ የተጣበቀው ኤንኤዲኤች ድርሻና ዕድሜ መቀነሱ ታይቷል። ሥራው ማልቲፎቶን ማይክሮስኮፕ (በቲሹ ውስጥ በተመረጠ ጥልቀት ማየት የሚችል የሌዘር ማይክሮስኮፕ) ስለተጠቀመ ኤፒቴልየሙን ከኮላጅኑ ለይቶ በየንብርብሩ ማየት ችሏል።

ሌላው ጥሩ ጎኑ መሣሪያው ቲሹው ላይ ቢቀርብም ቢርቅም የጊዜው ልኬት እንደ ብርሃኑ መጠን አለመዋዠቁ ነው። ደም የዋጠው ብርሃንም ያን ያህል አያሳስተውም። በሮቦት በሚታገዝ የአፍና ጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ላይም ተሞክሯል። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። በፍጥነት የሚመታ ሌዘር፣ ናኖሰከንድ የሚቆጥር ተቀባይ፣ መረጃውን የሚተነትን ሰው ይፈልጋል። ለክሊኒክ መደርደሪያ የሚሆን ዕቃ አይደለም።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎች የሚያውቁት፣ የግዢ ኮሚቴዎች ግን የማያነሱት ነገር አለ። ቲሹ ከአፍ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ኦክስጅኑ ይቋረጣል። ማይቶኮንድሪያው ኤሌክትሮን መቀበል ያቆማል፤ ኤንኤዲኤችም ይከማቻል። በተቆረጠ ቲሹ ላይ ብቻ ተፈትኖ «ሜታቦሊዝምን ያሳያል» የተባለ መሣሪያ በሕያው አፍ ውስጥም ያንኑ ያሳያል ማለት አይደለም።

ቶሉዲን ሰማያዊ ቀለም። ፍሎረሰንስ አይደለም፤ ከመብራቱ ጋር ለአንድ በጀት ስለሚወዳደር ብቻ ነው የማነሳው። ከኑክሊክ አሲድ ጋር ስለሚጣበቅ ሴሎች በበዙበት ቦታ ይበረታል። ርካሽ ነው። ተራ ቁስልንም ያቀልማል። የ2017ቱ መመሪያ ይህንንም አልመከረም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | በዋናነት የሚያነበው | ሜታቦሊዝምን ያያል? | የሚያሳስተው | ዋጋ | ማን ይይዘዋል |
|---|---|---|---|---|---|
| ነጭ ብርሃንና ጣት | ቀለም፣ ቅርጽ፣ ጥንካሬ | አያይም | ቀለም ያልለወጠ ዲስፕሌዥያ | በጣም ዝቅተኛ | ማንኛውም የሠለጠነ ሐኪም |
| ሰማያዊ የእጅ መብራት | ኮላጅን፣ ደም፣ ጥቂት ኤፍኤዲ | በጥቂቱ፣ በተዘዋዋሪ | እብጠት፣ ሜላኒን፣ ኬራቲን | መካከለኛ | የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም |
| ብዙ ብርሃን ያለው | ኮላጅንና የደም ሥር ቅርጽ | በጥቂቱ | ተመሳሳይ፣ ስለ ደም ግን የተሻለ ፍንጭ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ልምድ ያለው ሐኪም |
| ስፔክትሮስኮፒ | ኤንኤዲኤች፣ ኤፍኤዲ፣ ኮላጅን በአንድ ላይ | አዎ፣ ከኮላጅን ጋር ተደባልቆ | የተሳሳተ ነጥብ፣ የቦታ ልዩነት | ከፍተኛ | ልዩ ሐኪምና ቴክኒሻን |
| የዕድሜ መለኪያ | ነጻና የተጣበቀ ኤንኤዲኤች | አዎ፣ ከሁሉም በተሻለ | የነቃ እብጠት፣ የቲሹ ሁኔታ | እጅግ ከፍተኛ | የምርምር ቡድን |
| ቶሉዲን ሰማያዊ | ኑክሊክ አሲድ | አያይም | ተራ ቁስል | ዝቅተኛ | የሠለጠነ ሐኪም |

ባዮፕሲ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ተወዳዳሪ ስላልሆነ ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ ጥርጣሬ ያነሳሉ፤ የሚወስነው ባዮፕሲ ነው።

## ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ የሆነ አጠቃላይ ክሊኒክ መብራቱን ይተወው። ገንዘቡ ጥሩ የራስ መብራት፣ ለባዮፕሲ የሚሆን መሣሪያና ናሙናውን በጊዜ ከሚያነብ ፓቶሎጂስት (ቲሹ መርማሪ ሐኪም) ጋር የሚያገናኝ መስመር ላይ ይዋል። ባዮፕሲ መውሰድም ሆነ መላክ የማይችል ቦታ ላይ የተገዛ ሰማያዊ መብራት ሰው ከማስደንገጥ ውጪ ምንም አይፈይድም።

የአፍ ሕመም ልዩ ክሊኒክ ከሆናችሁና ሉኮፕላኪያ (የማይጠፋ ነጭ ሰሌዳ) ወይም ኤሪትሮፕላኪያ (ቀይ ሰሌዳ) ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የምትከታተሉ ከሆነ ግን መብራቱ ዋጋ አለው። እዚያ ጥያቄው «አለ ወይ?» አይደለም። «ከዚህ ሰፊ ሰሌዳ ውስጥ ናሙናውን ከየት ልውሰድ? ካለፈው ጊዜ ወዲህ ሰፍቷል ወይ?» ነው። ለዚህ ፎቶ የሚያነሳውን ምረጡ። በየቀጠሮው በተመሳሳይ ርቀትና ጨለማ የተነሳ ፎቶ ከሌለ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። በጀቱ ከፈቀደ የደም ሥር የሚያሳየው ብዙ ብርሃን ያለው ይሻላል።

የቀዶ ሕክምና ቡድን ድንበር ለመወሰን ብሎ መብራት ባይገዛ ይሻላል፤ የ2020ው ውጤት አለ። የዕድሜ መለኪያ ላይ ለሚሠራ የምርምር ሥራ ከተጋበዘ ግን መሳተፍ ያዋጣል።

ጥያቄያችሁ በእርግጥ ስለ ሴል ሜታቦሊዝም ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሕክምና ዕጢውን እየነካው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ከስፔክትሮስኮፒ በታች አትውረዱ። ቢቻል የዕድሜ መለኪያ። ገንዘብ ካጠረ መሣሪያው ካለው ቤተ ሙከራ ጋር መተባበር ከመግዛት ይቀላል።

ታካሚ ሆናችሁ በሰማያዊ መብራት «ጥቁር ነገር ታየ» ከተባላችሁ ደግሞ ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። «ሲጫኑት ጠፋ ወይ? መቼ ደግመን እናየዋለን? ባዮፕሲ ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተቃራኒው መብራቱ «ንጹሕ ነው» ቢልም ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ካለባችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ ይታይልኝ በሉ።

## ሻጩን የምትጠይቁት

መጀመሪያ የመብራቱን የሞገድ ርዝመት ጠይቁ። መልሱ ከ400 በላይ ብቻ ከሆነ የኤንኤዲኤች ወሬ እዚያው ይዘጋል። ቀጥሎ ጥናቱ የተሠራው በእነማን ላይ እንደሆነ ጠይቁ፤ ወደ ልዩ ሐኪም በተላኩ ሰዎች ላይ ወይስ እንደናንተ በር በሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ላይ? ጥቁር የታየው ሁሉ ባዮፕሲ ተደርጎለት ነበር? አረንጓዴ የታየውስ? ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ከታየው ናሙና አይወሰድም። ያኔ ስንት ታማሚ እንዳመለጠ የሚያውቅ የለም፤ የሚነገራችሁ «ያገኛል» የሚለው መቶኛም በዚያው ልክ ይጠረጠራል። በመጨረሻ ለሙከራ አንድ ወር እንዲተዉላችሁ ጠይቁና ጠቆር ያለ ድድ ያላቸው ጤነኛ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ላይ አብሩበት። ከጤነኛ አፍ ስንት ጥቁር ቦታ እንደሚያወጣ ከመክፈላችሁ በፊት ታዩታላችሁ።